መሪ የጨበጠ ሰው ቃለ መጠይቅ አይሰጥም

ሰሞኑን አንድ የመኪና ውድድር አፍቃሪ የጻፉት ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነው። ፎርሙላ ዋንን የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ውድድሩ በመካሄድ ላይ እያለ ተወዳዳሪውን በመኪናው ሬዲዮ በኩል በቀጥታ ይጠይቁት ይላሉ። ምክንያታቸው አምስት ነው፤ አውስትራሊያውያንና አሜሪካውያን ለአሥርት ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲደርስ ትራኩ ላይ ወጥቶ ተወዳዳሪዎቹን በዝግታ የሚመራው መኪና) ሲወጣ ተወዳዳሪው ሥራ ፈትቶ ነው የሚከተለው፤ ድሮም ከቡድኑ መሐንዲስ ጋር እያወራ ስለሚነዳ አንድ ድምፅ ቢጨመርበት ለውጥ የለውም፤ ከውድድሩ በኋላ የሚሰጠው መልስ የተጠና በመሆኑ እውነቱ የሚገኘው በትኩሱ ነው፤ በመጨረሻም ወጣቱ ተመልካች ቅርበት ይፈልጋል።

ጸሐፊው ስፖርቱን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። እኔም እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልኬን አጥፍቼ ቴሌቪዥን ፊት የምቀመጥ ሰው ነኝ፤ በፍቅሩ አንለያይም። ሐሳቡ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነም በየነጥቡ ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እንዲያውም ካሉት በላይ ሊባልለት ይገባ ነበር። በ1979 የአውስትራሊያው ቻናል 7 በባተርስት በሚካሄደው ታላቅ ውድድር ላይ ሬስካም የተባለውን ካሜራ በፒተር ዊሊያምሰን ቶዮታ ሴሊካ ውስጥ ገጠመ። ምስሉ ከመኪናው ወደ ሄሊኮፕተር፣ ከሄሊኮፕተሩ ደግሞ ወደ ጣቢያው ይሄድ ነበር። ዊሊያምሰን ማይክሮፎን ስለተገጠመለት እየነዳ ከተንታኞቹ ጋር ይጨዋወታል። እስከዚያ ቀን ድረስ የውድድር መኪናን ከአጥር ወዲህ ሆኖ ሲያልፍ ማየት የለመደ ሕዝብ፣ የባተርስቱን ትራክ የማውንት ፓኖራማን ቁልቁለት ሹፌሩ ከተቀመጠበት ሆኖ አየው። ይህ ትልቅ ፈጠራ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም።

ጸሐፊው የዘለሉት ነገር ግን አለ። ዊሊያምሰን የያዛት መኪና አነስተኛ ሞተር ያላት፣ በራሷ ምድብ እንጂ ለአጠቃላዩ ድል የማትፎካከር ነበረች። የዚያን ዓመት ድል የወሰደው ፒተር ብሮክ ተከታዩን በ6 ዙር ቀድሞ ነው የገባው። ውድድሩም 1000 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ከ6 ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ አንዱን መኪና ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚነዳበት ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ጉዞ ላይ ለወሬ የሚሆን ቀዳዳ ይገኛል። የፎርሙላ ዋን ውድድር 305 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ ተቀያሪ ሹፌርም የለም። አሜሪካኖቹም ናስካር በተባለው የመኪና ውድድራቸው ተወዳዳሪውን የሚያናግሩት በአብዛኛው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ዙሮች ወይም አደጋ መኖሩን በሚያመለክተው ቢጫ ባንዲራ ስር ነው። በዚያም ላይ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ትራኩን በሙሉ የሚያይለት፣ ስፖተር የሚሉት ሰው አለው። ዲክ ጆንሰንን የመሰሉ ለድል የሚነዱ ሰዎችም በኋላ ዓመታት በሬስካም አውርተዋል፤ በጨዋታቸውም ተወደዋል። ይህንን አልክድም። ነገር ግን ለባተርስት የተሰፋ ልብስ ለሞናኮ ልክ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ጽሑፉን ሳነብ ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ ይህ ነው። ሴፍቲ ካር ሲወጣ ተወዳዳሪው ሥራ ይፈታል ይላሉ።

በ2018 ባኩ ላይ ሮማን ግሮዣን ከመጨረሻ ተነሥቶ 6ኛ ደርሶ ነበር። ሁለቱ የሬድ ቡል መኪኖች ተጋጭተው ሴፍቲ ካር ወጣ። ግሮዣን ከኋላው እየተከተለ፣ ጎማውን ለማሞቅ መኪናውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሳለ የፍሬኑ ማስተካከያ ተነካበት፤ የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ያገኘው ነጥብ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ከእጁ ወጣ። በ2020 ኢሞላ ላይ ጆርጅ ራስል በዊሊያምስ መኪና 10ኛ ሆኖ፣ ከዚያ ቡድን ጋር የመጀመሪያ ነጥቡን ሊያገኝ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ እሱም ከሴፍቲ ካር ኋላ ጎማ ሲያሞቅ ግድግዳ መታ። ከመኪናው ወርዶ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ ሣሩ ላይ የተቀመጠበትን ምስል ያየ ሰው ‹‹ሥራ ፈት›› የሚለውን ቃል አይጽፍም። በዚያው ዓመት ሙጄሎ ላይ ደግሞ ሴፍቲ ካሩ ትራኩን ለቆ ውድድሩ ሊቀጥል ሲል ዋናው ቀጥተኛ መንገድ ላይ በተፈጠረ መደራረብ አራት መኪኖች ከውድድሩ ወጡ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፎርሙላ ዋን ጎማ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። መኪናው ዝግ ሲል ጎማውም ፍሬኑም ይቀዘቅዛል፤ ሹፌሩ ያንን ሙቀት ለማቆየት ይታገላል። በዚያው ላይ የተወሰነለትን የጊዜ ገደብ ይጠብቃል፣ ፍርስራሹን ይሸሻል፣ ጎማ ለመቀየር ይግባ አይግባ የሚለውን ትእዛዝ ያዳምጣል፣ ፊት ያለው ሰው መቼ እንደሚፈተለክ ይገምታል። ትራኩ ላይ ደግሞ ሠራተኞችና ማንሻ መኪኖች ሊኖሩ ይችላሉ። በ2014 ሱዙካ ላይ ጁል ቢያንኪ በዝናብ፣ በድርብ ቢጫ ባንዲራ ስር ከተንሸራተተ በኋላ ከማንሻ ትራክተር ጋር ተጋጨ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ከ8 ዓመት በኋላ በዚያው ትራክ፣ በዚያው ዝናብ፣ ፒየር ጋስሊ ሴፍቲ ካር ወጥቶ ሳለ አጠገቡ ማንሻ መኪና ቆሞ አገኘ፤ በሬዲዮ ያሰማውን ቁጣ ያዳመጠ አይረሳውም። እስቲ በዚያች ቅጽበት ጆሮው ውስጥ ‹‹ፒየር፣ የዛሬውን አየር እንዴት አገኘኸው?›› የሚል ድምፅ ቢኖር ብላችሁ አስቡት።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም መሐንዲሱም እኮ ያናግረዋል የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ስለሚመስል ረዘም አድርጌ ልመልስለት።

ልጅ ሳለሁ በከተማ አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ‹‹ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው›› የሚል ጽሑፍ አነብ ነበር። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ረዳቱ ‹‹ወራጅ አለ!›› እያለ ሹፌሩን ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል፤ ማንም አደገኛ ነው አይልም። የረዳቱ ቃል የመንዳቱ አካል ነዋ! መንገዱን አብሮ እያየ፣ ሹፌሩ የሚያስፈልገውን፣ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ በሁለት ቃል ይነግረዋል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ምን ትላለህ ብሎ ሲጀምረው ግን ሹፌሩ አእምሮውን ከመንገዱ ላይ አንሥቶ መልስ መፈለግ አለበት። መሐንዲሱ ረዳቱ ነው። የሚናገረው በቀጥተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ኩርባ ውስጥ ሲያናግሩት የሚቆጣ ተወዳዳሪ ሞልቷል። ጠያቂ ግን ሐሳብ፣ ስሜት፣ ማብራሪያ ነው የሚፈልገው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1997 ሁለት የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በመኪና እየነዱ ስልክ ማናገር የአደጋን ዕድል አራት እጥፍ ገደማ እንደሚያደርሰው፣ ስልኩን በእጅ አለመያዝም ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳልታየበት በታተመ ጥናታቸው አሳይተዋል። ችግሩ ያለው እጁ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። በኋላ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አጠገብ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲከብድ ወሬውን እንደሚያስተካክል፣ ስልክ ላይ ያለው ሰው ግን መንገዱን ስለማያይ እንደማይችል አመለከቱ። የቴሌቪዥን ተንታኝ የትኛው ነው? ስክሪኑ ላይ የሚያየው ዳይሬክተሩ የመረጠለትን ምስል ነው፤ ያነጋገረው ተወዳዳሪ ፊት ምን እንዳለ በዚያች ሰከንድ ላያውቅ ይችላል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 83 ሜትር ያልፋል። ሦስት ሰከንድ የሚወስድ ጥያቄ ተጠይቆ እስኪያልቅ መኪናው 250 ሜትር ሄዷል፤ መልሱ ገና አልተጀመረም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ሌላ ልዩነት አለ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን የምንሰማው የቡድን ሬዲዮ ተሰምቶ፣ ተመርጦ፣ ስድብ ካለው ተሸፍኖ፣ ዘግየት ብሎ ነው የሚተላለፈው። የጥያቄና መልስ ጨዋታ ግን ሊዘገይ አይችልም። ጠይቀህ መልሱን የምትጠብቅ ከሆነ መስመሩ በዚያች ሰዓት ክፍት መሆን አለበት፤ አየር ላይ እያለ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። በኅዳር 2020 ባህሬን ላይ የዚያው የግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ሰንጥቆ ገብቶ ለሁለት ተከፈለና በእሳት ተያያዘ። እሱ ግማሽ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ነበልባል ውስጥ ቆየ። አስተላላፊዎቹ ሰውየው መትረፉ እስኪታወቅ ድረስ የግጭቱን ምስል ደግመው አላሳዩም፤ ከዚያ በኋላ ደጋግመው በማሳየታቸው እንኳ ዳንኤል ሪካርዶ በአደባባይ ወቅሷቸዋል። ያን ቀን ግሮዣን ሚስቱና ልጆቹ በሚያዩት ሥርጭት ላይ ከጋዜጠኛ ጋር እያወራ ቢሆን ኖሮስ? ለዚህ ጥያቄ ጽሑፉ ውስጥ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

የውድድሩ ፍትሕም አለ። የፎርሙላ ዋን ደንብ ተወዳዳሪው መኪናውን ብቻውንና ያለ እርዳታ መንዳት አለበት ይላል። በ2016 ይህ ደንብ እጅግ ጠብቆ ነበር። ባኩ ላይ ሉዊስ ሃሚልተን የሞተሩ ማስተካከያ ተበላሽቶበት የትኛውን አዝራር ልንካ እያለ ሲለምን መሐንዲሱ መልሱን እያወቀ ሊነግረው አልቻለም። ሲልቨርስቶን ላይ ደግሞ ኒኮ ሮዝበርግ ቡድኑ ስለ ማርሽ ሳጥኑ በሬዲዮ ስለመራው 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ወረደ። ገደቡ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአብዛኛው ተነሣ፤ ትምህርቱ ግን አልተነሣም። ኮክፒት (ሹፌሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ ይቀይራል። ተንታኙ የሁሉንም መኪኖች ምስል እያየ ‹‹ኋላህ ያለው ጎማ ሲቀይር አየኸው?›› ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ራሱ መረጃ ነው። ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ያልተሰጠ መረጃ።

ማይክሮፎን ሰውን እንደሚለውጥም ዐይተናል። በ2021 የቡድን ኃላፊዎች ከውድድሩ ዳይሬክተር ጋር የሚያደርጉት ንግግር በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። መጀመሪያ ሁላችንም ወደድነው፤ እኔም ወድጄው ነበር። ከዚያ ታኅሣሥ 12 አቡ ዳቢ መጣ። የቡድን ኃላፊዎቹ ቶቶ ቮልፍና ክርስቲያን ሆርነር የዓለም ሻምፒዮና በሚወሰንባቸው የመጨረሻ ዙሮች ዳይሬክተሩን ማይክል ማሲን ከግራና ከቀኝ ሲወጥሩት ዓለም ሰማ። በየካቲት 2022 የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ዳይሬክተሩን ከጫና ለመጠበቅ ሲል ያንን ቀጥታ ሥርጭት አስቀረው። በር ከፍቶ ያየው አካል ራሱ የዘጋውን፣ ጸሐፊው ወደ ኮክፒት አዙረው እንክፈተው ይላሉ።

ወጣቱ ተመልካች ቅርበት ይፈልጋል የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አዎ ይፈልጋል። ግን ከ2019 ጀምሮ ብዙ አዲስ ተመልካች ወደዚህ ስፖርት ያመጣው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሰዎቹን የቀረጸው ከመኪናቸው ወርደው፣ በቤታቸውና በቡድናቸው ግቢ ነው። ከራሳችን ልጥቀስ ከተባለም፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌና ቴርጋት የ10,000 ሜትሩን የመጨረሻ መቶ ሜትሮች ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ ልዩነቱም 0.09 ሰከንድ ሲሆን፣ ከዚያ የበለጠ ቅርበት የተመኘ ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ትንፋሹ የእኛም ትንፋሽ ነበር።

እውነቱ በትኩሱ ነው የሚለውን ነጥብ ለመጨረሻ ያቆየሁት ግማሹን ስለምቀበለው ነው። ከውድድር በኋላ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በቃል እንደተጠና ትምህርት ነው፤ ጸሐፊውን ያሰለቻቸው ነገር እኔንም ያሰለቸኛል። ኪሚ ራይኮነን በ2012 አቡ ዳቢ ላይ እየመራ መሐንዲሱን ተወኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ ብሎ ሲያሳርፈው ዓለም የወደደው እውነት ስለነበረ ነው። ግን አስተውሉ፣ ያ ቃል ለእኛ አልተባለም። ጆሯችንን ጣል አድርገን የሰማነው ነው። ያው ኪሚ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ምን ያህል ቃል እንደሚቆጥብ ደግሞ የታወቀ ነው። ማይክሮፎኑ ለተመልካች እንደሆነ ያወቀ ሰው ለተመልካች ነው የሚናገረው።

ትኩሱ ሁልጊዜ እውነት እንደሚሆንም ማንም ዋስትና አይሰጥም። ግሮዣን ባኩ ላይ ግድግዳውን ሲመታ የቡድኑ ሬዲዮ ላይ የተሰማው ኤሪክሰን (ሌላው ተወዳዳሪ) ገጭቶናል መሰለኝ የሚል ቃል ነበር። ምስሉ ሲታይ ማንም አልነካቸውም። ለአንድ ቡድን የተነገረ የድንጋጤ ቃል ስለነበር ይቅር ተባለ፤ በቀጥታ ቃለ መጠይቅ የተነገረ ቢሆን በስም የቀረበ ክስ ነበር።

እንግዲያስ ትኩሱን ከየት እናግኝ? መኪናው ከቆመበት ነው መልሱ። በ1980 ባተርስት ላይ እየመራ የነበረው ዲክ ጆንሰን ትራኩ ላይ የነበረ ድንጋይ መታና መኪናው ወደመ። ውድድሩ ገና እየተካሄደ ነው፤ የቻናል 7 ጋዜጠኞች አነጋገሩት፤ ያለ የሌለውን ገንዘብ በዚያ መኪና ላይ ያፈሰሰ ሰው በቀጥታ ሥርጭት ላይ እንባው መጣ። ሕዝቡ ስልክ እየደወለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አዋጣለት፤ ፎርድ ኩባንያም የተዋጣውን ያህል ጨመረለት፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ መጣና አሸነፈ። ጸሐፊው የሚመኙት ቃለ መጠይቅ ይኸው ነው፤ ውድድሩ እየተካሄደ፣ በቀጥታ፣ ያልተጠና። መሪ ግን አልጨበጠም። ሌ ማን የተባለው የ24 ሰዓት ውድድርም እንዲሁ ነው፤ አንዱን መኪና ሦስት ሰው ስለሚፈራረቅበት፣ አሁን የወረደውን በላቡ እንደራሰ ይጠይቁታል፤ መኪናው ሌሊቱን ከጓደኛው ጋር ይቀጥላል።

ከሁሉም የተሻለውን ምሳሌ የማገኘው ግን ጎረቤታችን ኬንያም ድረስ ከሚመጣው የራሊ ውድድር ነው። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና እያንዳንዱ የፍጥነት መንገድ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፤ ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን በመስኮት ያስገባል፤ ተወዳዳሪው ቀበቶውን ሳይፈታ፣ ልቡ እየመታ ይናገራል። ያለ መድረክ፣ ያለ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የሚገኝ እውነተኛ ቃል ነው። በየካቲት 2025 ስዊድን ላይ አድሪያን ፉርሞ በዚያች ሰዓት አንድ አስነዋሪ ቃል አመለጠውና ፌዴሬሽኑ 10,000 ዩሮ ቀጣው፤ ተጨማሪ 20,000 ደግሞ በገደብ። በመጋቢት ኬንያ ላይ፣ በሳፋሪ ራሊ፣ ተወዳዳሪዎቹ ቅጣቱን በመቃወም ግማሾቹ ዝም አሉ፤ ግማሾቹ በየአገራቸው ቋንቋ ብቻ መለሱ። በግንቦት ፌዴሬሽኑ የቅጣቱን መጠን ቀነሰ፤ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የተነገረንና በውድድር መሐል ያመለጠን ቃልም ለይቶ ማየት ጀመረ። መኪናው ቆሞ እንኳ የትኩስ ቃል ዋጋ ይህን ያህል ነበር። ጸሐፊው ለተመልካች ሊታገሉለት የሚገባው በር ይህ ይመስለኛል፤ የሳፋሪ ራሊ በሚካሄድባት ናይቫሻ ላይ አቧራው ሳይወርድ፣ መኪናው ቆሞ፣ በመስኮቱ በኩል የገባው ማይክሮፎን ቅጣት ሳይፈሩ የሚናገሩበት እንዲሆን።